ኦርኪዱ ሲያብብ እመጣለሁ

በእኛ አገር በውሃ ጥም የሚሞት ብዙ ነው። በድርቅ ዓመት በጎልቦ ቆላ በኩል ያለፈ ሰው መንገድ ዳር የተዘረረውን ከብት በዓይኑ አይቷልና ለሱ አልነግረውም። በሞያሌ ከተማ ውስጥ ግን በውሃ ብዛት ሞት አፋፍ የደረሰ ፍጡር እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እዚያ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም። ግብረ አበሮቼን አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ፤ እነሱ ቤታቸው በሰላም ተቀምጠው እኔ ለብቻዬ የምወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩ የአንድ ኦርኪድ ነገር ነው። ኦርኪድ አበባ ነው። ለማታውቁት ይህን ያህል ይበቃል፤ እኔም ያን ጊዜ የማውቀው ይህንኑ ያህል ነበር። ሥራዬ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጥ ነው። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ለሠርግ ቤት ደግሞ የፕላስቲክ አበባ እሸጣለሁ። እኔ የማውቀው አበባ አቧራ ሲይዘው በሳሙና የሚታጠብ ነው።

ድንበር ላይ የሚኖር ሰው የሚደርሰው ድንበር የከለከለው ነገር ነው። ወዲያ አይለፍ የተባለ ፍራሽ፣ ወዲህ አይግባ የተባለ ፍሪጅ እኛ ጋ ይቀራል። ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ የቀረ ሙሽራ እንኳ አይተናል፤ ቆይቶ እዚሁ ሌላ አግብቶ ሥጋ ቤት ከፈተ። ኦርኪዱም የቀረው እንደዚያው ነው። ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ አንዲት ወጣት ጭኗ ላይ አቅፋው መጣች። ተቆጣጣሪው እሷን አየ፣ ተክሉን አየ፣ "አንቺ እለፊ፣ እሱ አያልፍም" አላት። ልጅቷ እህቴ ሆቴል ገብታ ስታለቅስ እህቴ ሻይ ቀዳችላት፣ አበባውንም ተቀበለቻት። "ስመለስ እወስደዋለሁ" ብላ ልጅቷ ሄደች። አልተመለሰችም። በእኛ ከተማ "ስመለስ" ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም ቅር አላለውም።

እህቴን እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከደጋ ወርዳ እዚህ ሆቴል ስትከፍት እኔን እንደ ሻንጣ ይዛኝ መጣች። ሆቴል ስላችሁ አልጋ እንዳትጠብቁ። ሻይ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማንዳዚ፣ የኬንያዎቹ ቦንቦሊኖ፣ ነው። ኬንያዎቹ "ማማ ሆቴል" ይሏታል። ሁለታችንም ሳናገባ ቀረን። እሷ "አንተን ሳሳድግ ጊዜው አለፈ" ትላለች፤ እኔ "አንቺን አይቼ ሴት ፈራሁ" እላለሁ። ይህን ስንባባል እኔም ጸጉሬ ሸሸ፣ እሷም ሽበት አወጣች።

ኦርኪዱን ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ካለው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። የሻይ በራዱ እንፋሎት በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ዕቃው ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነው (ጥሩ ፕላስቲክ አይደለም፣ እኔ ብሆን አላስገባውም)፤ አፈር የሚባል ነገር የለበትም። ቁርጥራጭ የዛፍ ልጣጭ ብቻ ነው። ሥሩም እግሩን ከአልጋ አውርዶ እንደተኛ ሰው ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ጎስቋላ ተክል አይቼ አላውቅም። እሱ ግን በየዓመቱ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሲያወጣም ወራት ይቆያል። በሕይወታቸው አበባ ቀና ብለው አይተው የማያውቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። እታለም ያን ጊዜ የምታሳየው ኩራት ለኔ አሳይታ አታውቅም። እርግጥ እኔም አብቤ አላውቅም።

አስፋልቱ ተሠርቶ ባለቀበት ሰሞን እታለም ሆዷን ታመመች። መጀመሪያ "ብርድ ነው" አለች። ቀጥሎ "ምግብ ነው" አለች። ቀሚሷ ሲሰፋት "ጨርቁ ነው የለቀቀው" አለች። በመጨረሻ እዚህ ያየቻት ሐኪም ናይሮቢ ሂጂ አለቻት። የአክስታችን ልጅ እዚያ አለችና እሷ ልትቀበላት ሆነ። እኔ ሆቴሉንም ሱቄንም እንድጠብቅ ተወሰነ። የወሰነችው እሷ ናት፤ እኛ ቤት ሌላ ወሳኝ የለም።

በምትሄድበት ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኛት ሆቴሉ በር ላይ ተሰበሰበ። እሷ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። ኦርኪዱ አዲስ የአበባ ዘንግ ብቅ አድርጎ ነበር፤ ትንሽ ጣት ታክላለች።

"ባለበት ይቀመጥ" አለችኝ። "እሑድ እሑድ ውሃ ውስጥ ነክረህ ታወጣዋለህ። ውሃው ጥርግ ብሎ ይውረድለት። ሌላ ምንም አታድርግለት። ምንም! ሰማኸኝ?"

ሰምቻለሁ። የኔ ችግር መስማት ላይ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ሸኚዎቹ ዞር ብላ፣ ሊያለቅሱ እንደተዘጋጁ ስታይ ጊዜ፣ ሳቅ ብላ "ምን ሆናችኋል? ይሄ ሲያብብ እመጣለሁ" አለች።

ይህን ባትል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። እሷ ለማጽናናት ያለችውን ሰው ሁሉ እንደ ስለት ያዘው። በተለይ ኦቦ ጉዮ። ኦቦ ጉዮ ከቡቲዬ መንደር በየማለዳው ለሆቴሉ ወተት የሚያመጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ትልቅ ሰው ከቤቱ ሲወጣ የተናገረው ቃል ተራ ቃል አይደለም። በማግሥቱ ወተቱን አስቀመጡና "ማማ ሆቴል ናጋ?" ብለው ጠየቁኝ፤ ደህና ናት ወይ ማለታቸው ነው። "ደህና ናት" አልኳቸው። አላመኑኝም። ሄደው አበባውን አዩ። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ የእህቴን ጤና የሚጠይቀው እኔን ሳይሆን አበባውን ሆነ።

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። በሽተኛው ናይሮቢ ቢሆንም ቤቱ ይጠየቃል። ጠያቂ ሲመጣ ሻይ ይቀርብለታል፣ ከሻዩ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርብለታል። ሞያሌ ላይ ውሃ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብርጭቆ ሥር የቀረን ውሃ መሬት ላይ መድፋት ነውር ነው። የእጅ እጣቢው ለፓፓያው፣ የዕቃ እጣቢው ለአህያዋ፣ የብርጭቆ ትራፊው ደግሞ አጠገብ ላለ ሕይወት ያለው ነገር ይሰጣል። አጠገብ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ኦርኪዱ ነበር።

ኦቦ ጉዮ ጠዋት ያፈሱለታል፤ አፍስሰውም እንደ ሽማግሌ ወጋቸው እንትፍ ብለው ይመርቁታል። ወይዘሮ አልማዝ፣ ከማዶ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታ ከላይ እስከ ታች አጠበችው። ሐጂ አደን የሚባሉት የግድግዳ ጎረቤታችን ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ ከሐጅ ያመጡትን ዘምዘም፣ ለራሳቸው የመጨረሻ ሰዓት ያስቀመጡትን፣ ከፍተው ጠብ ጠብ አደረጉለት። ያን ቀን ልቤ ተነካ። የሰው ደግነት እንዲህ ሲጎርፍ አይቼ እንባዬ መጣ። የተክሉም ሥር ያን ሰሞን ነው መሰለኝ መበስበስ የጀመረው።

እሑድ ሲደርስ ደግሞ እኔ በታዘዝኩት መሠረት ነከርኩት።

ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አልማዝ ደረቷን ይዛ "በስመ አብ!" አለች። ወዲያው ሦስቱም ከጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እኔም በባለቤት ወንድምነቴ ተቀመጥኩ።

"ምን ይገርማል?" አለች አልማዝ። "እንጨት ላይ ተቀምጦ ምን ይበላል? ሥሩ ወደ ውጭ የወጣው እኮ አፈር ፍለጋ ነው! ቤቱ ጠቦታል።"

"አፈር እኔ አመጣለሁ" አሉ ኦቦ ጉዮ። "የፍየል በረት አፈር። እሱን የበላ ድንጋይም ይበቅላል።"

"ነፋስ እንዳይጥለው ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት" አሉ ሐጂ አደን።

እታለም ምንም አታድርግለት ማለቷን እኔ አነሳሁ። ይህ ይመዝገብልኝ። አልማዝ ግን "እሷ ስትሄድ ደህና ነበር። አሁን ታሟል። የታመመ ሰው ዝም ተብሎ ይታያል?" አለችኝ። ይህን የምትለኝ እህቴን ያስታመመች፣ ለአውቶቡስ ስንቅ የቋጠረች ሴት ናት።

በማግሥቱ አፈሩ በቦዳቦዳ መጣ፤ ሞተረኛው ጆንያውን እንደ ሚስት ከኋላው አስቀምጦታል። ዕቃውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሱቄ ገብቼ ምርጡን ፈለግኩ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ሰፊ ሳፋ አወጣሁ። ለደንበኛ የምለውን ለራሴም አልኩ፤ ጠብታ አያፈስም። እውነትም አያፈስም። ለውሃ ማጠራቀሚያ ከሆነ ዛሬም እመክራችኋለሁ።

አሮጌውን ዕቃ ገልብጬ ሳወጣው ግማሹ ሥር በእጄ ላይ ቀረ። ቡናማና ሙልጭልጭ ነው፣ እሳት ላይ የተረሳ መኮሮኒ ይመስላል። "አየህ፣ ርሶ ለስልሷል፣ ጥሩ ነው" አሉኝ ሐጂ። ሌላው ሥር ደግሞ ደረቅ ያለ፣ ብርማ፣ ጠንካራ ነበር፤ አልታጠፍ አለኝ፣ ከሳፋው ጠርዝ በላይ ይወጣብኛል። በመቀስ ቆረጥኩት። በአጭሩ የበሰበሰውን ቀበርኩ፣ ጤነኛውን ቆርጬ ጣልኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ሆን ብሎ ቢሞክር እንኳ አይሳካለትም። ከዚያ አፈሩን እስከ ቅጠሎቹ አንገት ድረስ ሞልቼ በመዳፌ ጠቀጠቅኩት። የመጨረሻውን ስጠቀጥቅ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን።

የአበባው ዘንግ ነው። ክንድ የሚያህል ሆኖ ነበር፤ እምቡጦችም ይዞ ነበር። እጄ ላይ ቀረ።

አልማዝ አማተበች። ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ። ኦቦ ጉዮ "ዋቃ!" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሲያብብ እመጣለሁ ያለችው ቃል።

እንደዚህ ባለ ሰዓት ስልክ ይደወላል፤ ተደወለም። እታለም ናት።

"ዘንጉ እንዴት ነው?" አለች።

የእኛ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይናገርም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከወተት ጋር የጠጣሁት ነው።

"ክንድ አክሏል" አልኳት፤ እውነት ነው፣ እጄ ላይ ይዤዋለሁ።

"እምቡጥ ይዟል!" ብላ አልማዝ ከጀርባዬ ጮኸች። "አንቺስ እንዴት ነሽ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ! ዛሬ ዶሮ በላሁ። ሐኪሙ 'አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ መጣሽ?' ብሎ ሳቀብኝ።"

ሁላችንም ደስ አለን። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔ ውሸቴን ለመደበቅ ያን ያህል ስባክን የሷን ነገር ልመረምር አልቻልኩም። ውሸታም ሰው ሌላውን በቀላሉ ያምናል፤ ፋታ የለውማ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፣ ማስታወስም አልወድም። የማያፈስ ሳፋ፣ የፍየል ፋንድያ፣ ጠበል፣ ዘምዘም፣ የብርጭቆ ትራፊ፣ ምርቃት አንድ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ሽታው ደንበኛ አባረረ። ጉንዳን መጣ። ቅጠሎቹ ተራ በተራ ረገፉ፤ በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ቅጠል ቀረች። በየቀኑ ስልክ ይደወላል። እኔ በስልክ እምቡጡን አሳብጠዋለሁ፤ እሷ በስልክ ትወፍራለች። እኔ አንዱ እምቡጥ ሊፈነዳ ነው ስል እሷ ደረጃ ወጣሁ ትላለች። እሷ ቀሚሴ ጠበበኝ ስትል እኔ ነጩ ብቅ አለ እላለሁ። እንዲህ ስንፎካከር ከረምን።

ጠያቂዎቹ ፊታቸው እየጠቆረ ሲመጣ አላስቻለኝም። አንድ ቀን ማለዳ ሱቄ ገባሁና ከሠርግ አበባዎቹ መሀል ነጭ ኦርኪድ የሚመስለውን መርጬ፣ አቧራውን አጥቤ፣ ሳፋው ውስጥ ሰካሁት። የተረፈችውን ቅጠል ሥሩ ሸሸግኩ። አስቤ የነበረው የአንድ ቀን ማረፊያ እንዲሆነኝ ነው።

መጀመሪያ ያዩት ኦቦ ጉዮ ናቸው። ከበሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወተታቸውን እዚያው ጥለው ወጡና አበባውን በቋንቋቸው እየጠሩ ገበያውን ሙሉ "ዳራራው አበበ! ማማ ሆቴል ልትመጣ ነው!" እያሉ ዞሩ። እኒህን ሰውዬ ሮጬ ይዤ "ፕላስቲክ ነው" የምልበት አፍ ከየት ይምጣልኝ? ሰው እየሳቀ መጣ። እየመጣም በየብርጭቆው ውሃ አፈሰሰበት። ያ አበባ ምንም አልሆነም። ለሞያሌ ሰው ደግነት የሚሆን ጠንካራ ተክል በመጨረሻ ተገኘ።

አልማዝ ለእታለም ደውላ አበሰረቻት። ማታውኑ እታለም ደወለችልኝ። "አበበ አሉኝ" አለች። ድምፅዋ የራቀ ነበር። "እንግዲያ ልምጣ።"

ያኔ ነው የፈራሁት። እስከዚያ የነበረው ፍርሃት ቁጣዋን ነበር፤ ይሄኛው ሌላ ነው። ሕክምናዋን አቋርጣ በኔ ውሸት ምክንያት ብትመጣስ? ላስቀራት ብዙ ሞከርኩ። "ቆይ፣ ጨርሰሽ ነይ፣ አበባው ይቆያል" አልኳት። "ቲኬት ተቆርጧል" አለችኝ።

አውቶቡሱ ስቴጅ ከሚሉት መናኸሪያ ገብቶ ሰው ሲወርድ ዓይኔ እሷን ሲፈልግ አልፏት ሄዷል። አንዲት አጭር፣ ኮቷ የሚውጣት አሮጊት ክንዴን ስትይዘኝ ነው ያወቅኳት። "ምን ታፈጣለህ፣ ሻንጣውን ያዝ እንጂ" አለችኝ። ድምፅዋ የሷ ነው። የቀረው የሷ አልነበረም።

ሆቴሉ በሰው ሞልቷል። አልማዝ አቀፈቻትና እጇ አጥንት ብቻ ሲያገኝ ፊቷ ልውጥ አለ። ወዲያው ግን "አምሮብሻል!" አለቻት። "አምሮብሻል፣ ናይሮቢ ተስማምቶሻል!" አሉ ሁሉም። ሐጂ "ማሻላህ" ብለው መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ጉዮ እጇን ይዘው ሳይለቁ ወደ መስኮቱ መሯት።

እታለም ሳፋውን አየችው። አበባውን አየችው። እኔ ግድግዳው ውስጥ መግባት ፈለግኩ። ከዚያ የያዘችውን የውሃ ብርጭቆ ጎንጨት አድርጋ፣ የቀረውን ቀስ ብላ ሳፋው ላይ አፈሰሰችና "አምሮበታል" አለች።

ሰው አጨበጨበ።

ሁሉም ሲሄዱ "በሩን ገርበብ አድርገው" አለችኝ። "አሁን ያንን ነገርህን ከላዩ ንቀልልኝ። ሥሩን ልየው።"

ነቀልኩ። ያቺ አንድ ቅጠል ነበረች። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አፈሩን ሸተተችና "የፍየል?" አለች።

"የፍየል።"

"ኦቦ ጉዮ?"

"ኦቦ ጉዮ። ጠበሉ የአልማዝ ነው። ዘምዘሙ የሐጂ።"

መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሕመም ሲሄድባት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ አላስቻለኝም። "እታለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኳት። "አበበ ብዬሽ ሕክምናሽን ትተሽ መጣሽ።"

"አንተ ደግሞ!" አለችኝ። "ለአበባ ብዬ ሐኪም የምጥል ይመስልሃል? እነሱ ናቸው ወደ ቤትሽ ሂጂ ያሉኝ። አበባህ ካበበ በኋላ ለመምጣት ምክንያት አገኘሁ እንጂ፣ ምን ብዬ ልነግራችሁ ነበር?"

ምን እንዳለችኝ ወዲያው ገባኝ። ባይገባኝ በወደድኩ።

"ዶሮውስ?" አልኳት።

"ምን ዶሮ?" አለች።

ያን ቀን ከሰዓት ተቀምጣ አሠራችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቢላዋውን እኔ ያዝኩ። ከማንደጃው ቀዝቃዛ ከሰል አውጥቼ ጣት ጣት በሚያህል ቆረጥኩት፣ አጠብኩት። የቅቤ ፕላስቲክ ዕቃ ታችና ጎኑን በጋለ ምስማር በሳሁት። ፕላስቲክ ስበሳ ልቤ ደማ፤ እንዲያፈስ ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ዕቃዬ ነው። ቢላዋውን እሳት ላይ አግዬ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ። ያንን ሁሉ አጽድተን ስንጨርስ አንዲት ሥር ቀረች፣ ጫፏ አረንጓዴ።

"ቁስሉ ላይ ቀረፋ ንፋበት" አለች፣ ለሻይ የምናደርገውን። "ከሰሉን ዙሪያውን አድርግ። አትጠቅጥቀው! አየር ነው የሚበላው። አንገቱን አትቅበር። አሁን ለተወሰኑ ቀናት ውሃ አታሳየው።"

"ከዛሬ ጀምሮ አንቺው ጠብቂው፣ እኔ አልነካውም" አልኳት።

"አንተ ነህ የምትነካው" አለችኝ። "ደግሞ ከመጀመሪያ ጀምረህ ንገረኝ። ቢላዋውን ምን ታደርገዋለህ?"

"አግለዋለሁ።"

"ቀጥል።"

በቃሌ እንደ ተማሪ አስደገመችኝ። ስሳሳት ወደ ኋላ መለሰችኝ። ለምን እንደምታስጠናኝ አውቃለሁ፤ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ሁለታችንም ስለ ከሰል ነበር የምናወራው።

ዝናቡ ሳይመጣ ሞተች። የተቀበረችበት ቀን ሞያሌ የሚያለቅሰው በአራት ቋንቋ ነበር። ስለዚያ ሌላ አልጨምርም።

ኦርኪዱ መስኮቱ ላይ ቆየ። ጠያቂ መጥቶ ብርጭቆውን ወደሱ ሲያዘነብል መዳፌን ብርጭቆው አፍ ላይ እከድናለሁ። መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር፣ በኋላ ለመዱ። ሐጂ አሁን ትራፊያቸውን ለፓፓያው ይሰጣሉ። ያቺ አንዲት ሥር ሌላ ሥር አወጣች። ቅጠል ተጨመረ። አንድ ዓመት ዝም ብሎ አለፈ። በሚቀጥለው ዘንግ አወጣ፤ እኔም ለማንም ሳልናገር በየጠዋቱ አየው ነበር።

አንድ ጠዋት ሆቴሉን ስከፍት ነጭ ሆኖ ተከፍቶ አገኘሁት።

አላለቀስኩም። ሻይ ጣድኩ፣ ማንዳዚ አወጣሁ፣ ወተት ተቀበልኩ፣ ደንበኛ አስተናገድኩ። ከሰዓት ላይ ሱቄን ዘጋሁና ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። የት እንደምሄድ ለራሴም አልነገርኩትም። እግሬ ስቴጅ አደረሰኝ። የናይሮቢው አውቶቡስ ገና አልገባም።

ኦቦ ጉዮ ቀድመውኝ እዚያ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጠዋት ወተት ሲያስቀምጡ መስኮቱን አይተው ኖሯል።

"ምን እየሠሩ ነው ኦቦ?" አልኳቸው።

"የጨው ጭነት ይመጣልኛል" አሉኝ። "አንተስ?"

"የሳፋ ጭነት ይመጣልኛል" አልኳቸው።

አውቶቡሱ ገባ። ጎን ለጎን ቆመን የሚወርደውን ሰው ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሹፌሩ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አየን።

"አልመጣም" አሉኝ።

"የኔም አልመጣም" አልኳቸው።

ክንዴን ያዙኝና ወደ ቤት ተመለስን።